ከክረምቱ ጎርፍ በፊት፦ ከጎንደር እስከ ጣና ሰሜናዊ ዳርቻ

እሑድ፣ ጎንደር

የመጫኛ ዝርዝሩን ከቅዳሴ መልስ ጀምረን እስኪመሽ ድረስ ስንጽፍና ስንሰርዝ ዋልን። ከጎርጎራ ወደብ በጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል በምትርቅ ትንሽ ደሴት ላይ ያለው የመስክ ጣቢያችን ከጥቅምት ወዲህ ተዘግቶ የከረመ ሲሆን፣ ተመራማሪዎቹና ተማሪዎቹ በሰኔ አጋማሽ ገብተው እስከ መስከረም መጨረሻ ይቀመጡበታል። የእኔ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዋና የሹፌራችን ሥራ እነርሱ ከመድረሳቸው በፊት ቤቱን ከፍቶ ማደስ፣ ጀልባውን ለሥራ ማብቃት፣ የመለኪያ መሣሪያዎቹን ማስተካከልና የክረምቱን ስንቅ አደራጅቶ ማስቀመጥ ነው። ጣቢያ ይባል እንጂ ያለው ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን፣ አንድ ሮቶ፣ ጣራ ላይ የተሰቀሉ ሁለት የሶላር ሰሌዳዎችና በሰንሰለት የታሰረች አንዲት የፋይበር ጀልባ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ በግንቦት መጨረሻ ለምን እንደሚሠራ ሐይቁን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። ጣና በዓመቱ ውስጥ እጅግ የሚጎድለው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሳምንታት፣ ሞልቶ የሚታየው ደግሞ በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይደርሳል። ስለዚህ ውኃው ውስጥ የሚተከል ማንኛውም ነገር አሁን ካልተተከለ በኋላ የሚተከልበት ደረቅ መሬት አይገኝም። የደምቢያ ሜዳ ዋልካም ሁለት ጊዜ ደህና አድርጎ ከዘነበ በኋላ የጫነ መኪና በቀላሉ አያሳልፍም።

ዋናው ምክንያት ግን ዓሣው ነው። ላቤዮባርበስ የሚባሉት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በጣና ውስጥ 15 ያህል ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው፤ የካርፕ ወገን የሆኑ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ ስለሌላቸው ይህ በሌላው ዓለም እምብዛም የማይታይ ነገር ነው። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ስብስብ ከተመናመነ ወዲህ የዚህ ዓይነት ሰፊ የዝርያዎች ቤተሰብ ሳይፈርስ የቀረው እዚህ ነው። ከእነርሱም አያሌዎቹ ክረምቱ ሲገባ በወንዞቹ አፍ ተሰብስበው፣ ጠጠር መሬትና ንጹሕ ፈሳሽ ውኃ ፍለጋ ወደ ላይ ወጥተው ይራባሉ። ጥናቱ ያለ የሌለ ኃይሉን የሚያፈስሰው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ላይ ስለሆነ፣ በሐምሌ አንዲት የካንዴላ ቁልፍ ጠፍታ ጀልባ ሳይነሣ ቢውል የዚያን ቀን ዓሣ በነሐሴ ተመልሶ የሚያመጣው የለም።

ሰኞ፣ ጎንደር

ጠዋቱ በገበያ አለቀ። ስንቁን ከአራዳ ገዛን፤ ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ ዘይት፣ ጨውና ሽንኩርት። በደሴቷ ላይ የክረምት እርጥበት ዱቄትን በፍጥነት ስለሚያሻግት የጤፍ ዱቄት የምንወስደው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚበቃውን ብቻ ነው፤ የቀረው ከጎርጎራ በየጊዜው ይገዛል። ድርቆሽን ግን ክዳኑ በሚገጥም ባልዲ ካስቀመጡት ክረምቱን ይዘልቃል። የሰኔ ጾም ስለሚገባም ቅቤ መግዛቱን ትተነዋል።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወረፋ ነበር። ቤንዚን በጀሪካን ለመቅዳት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋልና ደብዳቤው እስኪፈረም፣ ከተፈረመም በኋላ ማደያው ላይ ተራ እስኪደርሰን ድረስ ቀኑ መሸ። የገዛነው የሶላር ባትሪ ደግሞ አዲስ ነው ተብሎ የተሸጠልን ቢሆንም፣ የላቦራቶሪ ባለሙያችን በቮልት መለኪያ ስታየው 11.8 አነበበች። ሞልቶ ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከ12.6 በላይ ማሳየት ይገባዋል፤ 11.8 ማለት ባዶ ለመሆን የተቃረበ፣ ምናልባትም መደርደሪያ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆሞ የተጎዳ ማለት ነው። ነጋዴው ትንሽ ተከራከረና ሌላ ለወጠልን። ባትሪ የሚገዛ ሰው መለኪያ ይዞ ይሂድ፤ ደሴት ላይ ከደረሱ በኋላ የሚለውጥላችሁ የለም።

ወደ ማረፊያችን ስንመለስ የቀሃን ድልድይ ተሻገርን። የጥምቀት ዕለት የፋሲለደስ መዋኛ የሚሞላው ከዚህ ወንዝ በሚጠለፍ ውኃ ነው፤ በዚህ ወር ግን ወንዙ ፕላስቲክና የልብስ ማጠቢያ አረፋ ተሸክሞ የሚንሸራተት ቀጭን ጅረት ሆኗል። ቀሃና አንገረብ ከከተማው በታች ተገናኝተው ወደ መገጭ፣ መገጭም በደምቢያ አድርጎ ወደ ጣና ይገባል። ጎንደር ላይ የሚጣለው ሁሉ በመጀመሪያዎቹ የሐምሌ ጎርፎች ተጠራርጎ እኛ መረብ የምንዘረጋበት የወንዝ አፍ ይደርሳል ማለት ነው። ሐይቁ ታሞ ስናገኘው በሽታውን ዳርቻው ላይ ብቻ የምንፈልገው ለምን እንደሆነ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ማክሰኞ፣ ከጎንደር እስከ ጎርጎራ

ከጧቱ 12 ሰዓት ተነሣን። ከአዘዞ የጎርጎራውን መንገድ ይዘን ቁልቁል ስንወርድ አየሩ በየኪሎ ሜትሩ እየሞቀ መጣ። ርቀቱ ከ60 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ቢሆንም የተጫነው ጠርሙስና መሣሪያ እንዳይሰበር ሹፌራችን በዝግታ ነዳ። የደምቢያ ሜዳ ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል፤ ዋልካው በድርቀት ተሰነጣጥቆ፣ ስንጥቁ አንዳንድ ቦታ ክንድ የሚያስገባ ሆኗል። ቆላ ድባ ላይ ቁርስ በልተን፣ ጯሂትን አልፈን፣ ፀሐይዋ ሳትከርር ጎርጎራ ገባን።

ጎርጎራ የአፄ ሱስንዮስ መቀመጫ የነበረች፣ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ቄስም እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፈባት ሥፍራ ናት፤ በሣር ክዳኗና በግድግዳ ሥዕሎቿ የምትታወቀው ደብረ ሲና ማርያምም ከወደቡ ጥቂት ወጣ ብላ ትገኛለች። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በገበታ ለሀገር ከተመረጡት ቦታዎች አንዷ ሆናለች። እኛ ግን ዛሬ ለጉብኝት ጊዜ አልነበረንምና ዕቃውን አራግፈን፣ ቆጥረን፣ በሸራ ሸፍነን አደርን። ጀልባ ነጂያችን፣ በዕድሜ የሚበልጠን የአካባቢው ሰው፣ ገና በስምንት ሰዓት ሊያሻግረን እንደሆነ ስንጠይቀው ውኃውን ሳያይ መለሰልን። «ከስድስት ሰዓት በኋላ የተጫነ ጀልባ አላሻግርም፣ ልጆቼ፤ ዕቃችሁን አስራችሁ እደሩ።» ትክክል ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ አሥር ሰዓት ገደማ ወደቡን በነጭ ማዕበል ሞላው።

ረቡዕ፣ ወደ ደሴቷ

ሞተሩ በጋውን የከረመው ጎርጎራ በሚገኝ መጋዘን ውስጥ ነው። ሁለት ምት ያለው፣ ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ የሚቀዳለት ዓይነት ሲሆን፣ የእኛው ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ይፈልጋል። ወራት ተቀምጦ የከረመ ቤንዚን እየተነነ ሙጫ የሚመስል ዝቃጭ ስለሚተው ካርቡሬተሩን ፈትተን፣ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን በንጹሕ ቤንዚንና በቀጭን ሽቦ ጠረግን፤ ካንዴላዎቹን ለወጥን፤ የማቀዝቀዣ ውኃ የሚስበውን የጎማ ፓምፕ አወጣን። ጎማው ላይ አንዱ ክንፍ ተሰንጥቆ ነበር። ይህች የመዳፍ ስፋት እንኳ የሌላት ቁራጭ ከተበጠሰች ሞተሩ ውኃ መትፋት ያቆማል፣ ብዙም ሳይቆይ ይግላል፣ ከሐይቁ መሐል ሆኖም በቀዘፋ መመለስ ይመጣል። ሁለት መለዋወጫ ይዘን ነበርና አንዱን ገጠምን፣ ሁለተኛውን ከመፍቻው ጋር በጀልባዋ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥን።

በጎንና በጎናችን ሁለት ዓሣ አጥማጆች በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ይመለሱ ነበር። የእነርሱ ታንኳ ካርቡሬተር የለውም፤ ግን ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው መለወጥ አለበት፣ ደንገሉም ከዓመት ወደ ዓመት እየራቀ ነው። ሦስት ጊዜ ተመላልሰን ጭነቱን አሻገርን።

ሐሙስ፣ ደሴቷ ላይ

ቤቱን ስንከፍት የጠበቁን የሌሊት ወፎች ነበሩ። የጣራው ጫፍ ላይ ተነቅሎ በነበረው ቆርቆሮ ሥር ገብተው ወልደዋል፤ ጫጩቶቻቸው መብረር እስኪችሉ ድረስ ያን ቀዳዳ ላለመድፈን ተስማማንና ወለሉን ብቻ ጠርገን የመኝታ ክፍሉን ለየነው። የምዕራቡ ግድግዳ ምርጊት በምስጥ ተበልቶ ስለተገኘ ከደሴቷ ገበሬዎች ሁለቱን ቀጥረን ጭድና ጭቃ አስቦክተን አስመረግነው። የተላቀቁትን የቆርቆሮ ምስማሮች ነቅለን ላስቲክ ያላቸውን መታን። አሸንዳውን አጽድተን ወደ ሮቶው አገናኘነው፤ ከመጀመሪያው ዝናብ የሚወርደው ውኃ የወፍ ኩስና አቧራ ስለሚያጥብ ወደ ሮቶው እንዳይገባ የሚያዞር ክርንም ገጠምንለት። የሚጠጣው ግን ከሮቶም ሆነ ከሐይቁ ይምጣ፣ ፈልቶ ወይም ውኃ አጋር ተደርጎበት ነው።

ስለ ሐይቁ ውኃ ተማሪዎቹ ከሁሉ አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። በዚህ ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ጥልቀት በሌለውና ሣር በበዛበት ዳርቻ ስለሚኖሩ፣ ከእነርሱ የሚወጡት ጥቃቅን ተህዋስያንም ፀሐይ በከረረች ሰዓት ስለሚበዙ፣ ያለ ቦት ጫማ ወደ ውኃው መግባት ክልክል መሆኑን በሩ ላይ ትልቅ አድርገን ጻፍን። አጎበር በየአልጋው አሰርን፤ ደምቢያ የወባ አገር ነው። ባለሙያዋ የድንገተኛ ሕክምና ሣጥኑን ከፍታ ቀናቸው ያለፈባቸውን መድኃኒቶች ለየች።

ዓርብ

የዛሬው ሥራ ከሁሉም በላይ የምወደው ነው፤ ሌሎች ግን አሰልቺ ይሉታል። የሐይቁን ከፍታ የምናነብበት በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለ የብረት ዘንግ ባለፈው ዓመት በማዕበል ዘምሞ ስለነበረ እንደገና መትከል ነበረብን። ውኃው አሁን ዝቅ ብሎ ስላለ የዘንጉን እግር ከሐይቁ ጠርዝ ውስጥ አስገብተን፣ በድንጋይና በሲሚንቶ አስረን ማቆም ቻልን። ሁለተኛውን ዘንግ ደግሞ ከፍ ብሎ በዳገቱ ላይ፣ ዛሬ ደረቅ በሆነውና በነሐሴ ውኃ በሚሸፍነው ቦታ ተከልነው፤ የመጀመሪያው ሲሰጥም ንባቡ በሁለተኛው ይቀጥላል።

ዘንግ መትከል ግን ግማሽ ሥራ ነው። ዘንጉ ላይ ዛሬ 34 ቢነበብ ያ ቁጥር በራሱ ምንም አይነግረንም፤ ከማይንቀሳቀስ ነገር ጋር መያያዝ አለበት። በደሴቷ ላይ ካለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በአንዱ ላይ ከቀደሙት ዓመታት የተቀበረ የብረት ችንካር አለ፤ ቀለሙ ለቆ ስለነበር በብሩሽ ጠርገን ቀይ ቀባነው። ከችንካሩ እስከ ዘንጉ ያለውን የከፍታ ልዩነት የለካነው ግንበኞች ለውኃ ልክ በሚጠቀሙበት ብልኃት ነው። ረጅም ብርሃን አሳላፊ ጎማ ውኃ ሞልተን፣ አየር እንዳይቀርበት በጣታችን እየነካካን አረፋውን አስወጥተን፣ አንዱን ጫፍ እኔ በችንካሩ አጠገብ፣ ሌላውን ባለሙያዋ በዘንጉ አጠገብ ያዝን። ውኃው ሁለቱም ጫፍ ላይ እኩል ሲቆም ምልክት አደረግን፤ ጫፎቹን ተለዋውጠን ደገምን፤ ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር እንዳልበለጠ ስናይ ጻፍነው። ውድ መሣሪያ ቢኖረን ደግ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጎማውም አይዋሽም።

ለምን ይህን ያህል እንደምንጨነቅ ቢጠየቅ መልሱ ሐይቁ ራሱ ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ1996 ባሕር ዳር ላይ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ወደ ዓባይ የሚወጣው ውኃ በበር የሚመጠን ሐይቅ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት ለሚያመነጨው ለጣና በለስ ጣቢያ ከምዕራቡ ዳርቻ በዋሻ ውኃ ይወሰዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 የዝናብ እጥረትና ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውኃ ተደራርበው ሐይቁ በታወቀ መዝገቡ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ወርዶ የጀልባ ጉዞ እስከ መስተጓጎል ደርሶ ነበር። ደንገሉ፣ የዓሣው ጫጩት የሚያድግበት ሣር፣ ገበሬው ውኃው ሲሸሽ የሚያርሰው መሬት፣ ሁሉም በዚህች አንድ ሜትር ተኩል ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። የእኛ ዘንግ በአምስት ሴንቲ ሜትር ቢሳሳት ስሕተቱ በተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ገብቶ እንደ እውነት ይቀመጣል።

ቅዳሜ

በውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ጎንደር ላይ ተስተካክሎ ነበር የመጣው። እንዲያም ሆኖ ባለሙያዋ እዚህ እንደገና ካላስተካከለችው አልጠቀምም አለች፤ ምክንያቷንም ለሹፌራችን በወረቀት አሰላችለት። ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በአየሩ ግፊት ላይ ይወሰናል። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ በባሕር ወለል ላይ አንድ ሊትር ውኃ ሲጠግብ 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛል፤ 1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው ጣና ግን ወደ 6.6 ይወርዳል፤ ከ2,100 ሜትር በላይ በሆነችው ጎንደር ደግሞ ወደ 6.3 ይጠጋል። በከተማ የተስተካከለ መሣሪያ ሐይቁ ላይ ሳይታረም ቢነበብ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከእምቦጭ ሥር ያለውን ውኃ ከጠራው ጋር ስናነጻጽር የምንፈልገው ልዩነት ራሱ ትንሽ የሚሆንበት ቀን አለ። ሹፌራችን ወረቀቱን ተመልክቶ «ታዲያ የእኛ ሳንባስ ማን ያስተካክለው?» ብሎ አሳቀን።

መሣሪያውን እርጥብ ስፖንጅ ባለበት ክዳኑ ውስጥ አስገብታ ሙቀቱ እስኪረጋ ጠበቀች፤ የአካባቢውን ግፊት ከባሮሜትሩ አንብባ አስገባች፤ ቁጥሩ ሲቆም አጸደቀችው። ቀጥላ የውኃውን አሲዳማነት የሚያሳየውን የፒኤች መለኪያ በ4፣ በ7 እና በ10 ማመሳከሪያ ፈሳሾች አለፈችበት። የ10ሩ ፈሳሽ ከተከፈተ የቆየ ነበርና ደፍታ አዲስ ከፈተች፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሚበላሽ ከሦስቱ ሁሉ ዕድሜው አጭር ነው።

የውኃውን ጥራት የምናይበት ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ጥቁርና ነጭ ሳሕን ብዙ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ነጩን ቀለም አደስን፣ ገመዱ ተስቦ ረዝሞ እንደሆነ በሜትር አረጋገጥን። ይህ ሳሕን በሐምሌ ጎርፍ ከወንዝ አፍ አጠገብ ገና ጥቂት ሳይወርድ ይሰወራል።

የናሙና ጠርሙሶቹን መለያ ጉዳይ ግን ሳላነሣ አላልፍም። ካለፈው ዓመት በመደርደሪያ ከቀሩት ጠርሙሶች በአንዳንዶቹ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ተሟሙቶ ሰማያዊ ጭጋግ ሆኗል፤ ውስጡ ያለው ዓሣ ደህና ነው፣ ከየት እንደመጣ ግን ሊታወቅ ስለማይችል ለጥናት አይረባም። በእርሳስ በጠንካራ ወረቀት ተጽፈው ከዓሣው ጋር ጠርሙሱ ውስጥ የገቡት ግን ዛሬ የተጻፉ ይመስላሉ። ስለዚህ እስክሪብቶዎቹን በሙሉ ሰብስበን ወደ ጎንደር ልንመልሳቸው አሸግናቸው፤ እርሳሶቹን ቀርጸን አስቀመጥን። ፎርማሊኑን አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ውኃ የምንበርዝበት ቦታ ከቤቱ ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኘው ዳስ ሥር እንዲሆን ወሰንን።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ወደ ደሴቷ አገልጋይ አባት ሄደን ሰላምታ አቅርበን፣ በክረምቱ ስንት ሰዎች እንደሚመጡና የት የት እንደሚንቀሳቀሱ ነገርናቸው። «አባታችን፣ ከገዳሙ ዛፍ ቅጠል እንኳ እንዳይነኩ እናዛለን» ስንላቸው ፈገግ ብለው፣ ከዛፉ ይልቅ ሌሊት በባትሪ መብራት ዓሣ ስትፈልጉ ጉማሬው እንዳይበላችሁ ተጠንቀቁ አሉን። በጣና ደሴቶች ላይ ደን የቀረው አብያተ ክርስቲያናቱ ስለጠበቁት ነው፤ ይህንን ሳያውቅ የሚመጣ ተመራማሪ ሥራው አያምርም።

ሰኞ፣ ወደ መገጭ አፍ

ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መገጭ አፍ ሄድን። ውኃው እንደ መስተዋት ነበር። ከሐይቁ አራት ዋና ገባሮች፣ ከግልገል ዓባይ፣ ከጉማራ፣ ከርብና ከመገጭ፣ ለእኛ የሚቀርበው ይህ ነው፤ እምቦጭም እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ የታየው በዚሁ አካባቢ ነበር። አሁን በበጋው መጨረሻ አረሙ ቀንሶ በዳርቻው ቡናማ ሆኖ ደርቋል፤ ከዚህ ቀደም ሕዝቡ በእጁ ነቅሎ የከመረው ክምርም ይታያል። ዘሩ ግን በጭቃው ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ ጎርፉ ማዳበሪያውንና ደለሉን ይዞ ሲመጣ እንደገና ይነሣል። ነፋሱ ምንጣፉን ወደየትኛው ዳርቻ እንደሚገፋው አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል ለጀልባዋ ሁለት የማረፊያ ቦታ መረጥን፤ የሞተሩን ፕሮፔለር የሚጠመጥመውን ሥር መቁረጫ ማጭድም በጀልባዋ ውስጥ ቋሚ ዕቃ ሆነ።

የሙከራ መረቦቻችንን ዓይናቸው ሲወጠር 6፣ 8፣ 10፣ 12 እና 14 ሴንቲ ሜትር የሆኑትን በተራ ዘርግተን ተንሳፋፊያቸውን፣ እርሳሳቸውንና የተበጠሰውን ዓይን መረመርን። የዓይኑ ስፋት በየዓመቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ካልተደገመ የዘንድሮው ዓሣ ካምናው አነሰ ወይስ በዛ ለማለት አይቻልም። ወጣት አጥማጆች መጥተው ከጎናችን ቆሙ፤ ተንሳፋፊያቸው ከአሮጌ የነጠላ ጫማ የተቆረጠ፣ ማስጠሚያቸው ድንጋይ ነው። አምባዛና ቆሮሶ እንጂ ነጭ ዓሣ እምብዛም እንዳልያዙ ነገሩን። ከላይ በወንዙ የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ውኃውን መርዞ ዓሣ የሚሰበስብ ሰው አሁንም እንዳለ ስንጠይቅ አንዱ አቀርቅሮ፣ «አለ፣ ጋሼ። ግን መረብ መግዣ የሌለው ነው» አለኝ። በወንዙ ላይ ጠጠርና አሸዋ የሚያወጣው መኪናም ያው እንቁላል የሚጣልበትን ጠጠር ነው ጭኖ የሚሄደው፤ በእርሱ ላይ ግን ጣት የሚቀስር ብዙ ሰው አላየሁም።

ለክረምቱ አራት ቋሚ የናሙና ነጥብ መረጥን፤ ሁለቱ በወንዙ አፍ፣ አንዱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አንዱ ደግሞ ጎርፉ በማይደርስበት በደሴቷ አጠገብ። ቦታቸውን በጂፒኤስ መዝግበን፣ መሣሪያው ቢጠፋ እንኳ እንዲገኙ ከዳርቻው ካሉ ዛፎችና ኮረብታዎች ጋር አያይዘን በደብተሩ ሣልናቸው።

ማክሰኞ

ሌሊት ዝናብ ጣለ። ከጣራው የጀመረው ውኃ በክርኑ በኩል ወደ ውጭ ፈሰሰ፤ ሮቶው ንጹሕ ሆኖ ቆየ፤ የተመረገው ግድግዳ አላረጠበም። የሶላሩ ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ መብራትና ማቀዝቀዣ ይዞ አድሮ ጠዋት 12.4 አነበበ።

የዘንጉን ንባብ በየቀኑ የሚመዘግብልን የደሴቷ ነዋሪ ወጣት ሲሆን፣ ከጧቱ 1 ሰዓት፣ ነፋስ ሳይነሣና ማዕበሉ ውኃውን ወደ አንድ ዳርቻ ሳይገፋ እንዲያነብብ ተስማማን። ዘንጉ ላይ ውኃው ከፍ ዝቅ ሲል ሁለቱንም ጫፍ አይቶ መሐሉን መጻፍ እንዳለበት ብዙ ጊዜ አለማመድነው፤ ሊያነብብ ያልቻለበትን ቀን ገምቶ ከመሙላት ባዶ እንዲተወውም አጥብቀን ነገርነው። ክፍያው በየወሩ መጨረሻ ነው፤ ባዶ ቀን ስላለ አይቀነስበትም፤ ይህንንም በጽሑፍ ሰጠነው።

የመጋዘኑን ቁልፍ ለጀልባ ነጂያችን አስረክበን፣ የጎደሉትን ዕቃዎች፣ ማለትም አንድ ተጨማሪ የነፍስ አድን ጃኬት፣ የ10 ፒኤች ፈሳሽና ሁለት ኬሻ ከሰል፣ ተማሪዎቹ ሲመጡ ይዘው እንዲመጡ ጽፈን ወደ ጎርጎራ ተሻገርን። ከጯሂት በኋላ ዋልካው ጎማችንን እየያዘ አስቸገረን፤ ቆላ ድባ የደረስነው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። የተማሪዎቹ መኪና ከሰኔ 10 በፊት መነሣት እንዳለበት ከዚያው ሆነን ስልክ ደወልን።